ከሃይ ስትሪት (ከገበያው ጎዳና) ሱቅ የቪዲዮ ጌም የምንገዛበት ዘመን፦ የሚያስታውስ ይጻፍ

የካሌዶኒያን ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።

በ90ዎቹ ለንደን ያደግን የሐበሻ ልጆች ስንገናኝ የትምህርት ቤቱ፣ የካውንስል ቤቱ፣ የእሑድ ቅዳሴው ወሬ አይቀርም። የጌም ሱቆቹን ግን የሚያነሳ የለም። እኔ ላንሳቸው።

ያኔ ጌም የማይሸጥበት ቦታ አልነበረም። ዉልዎርዝስ ከከረሜላው ጎን፣ ደብልዩ ኤች ስሚዝ ከመጽሔቱ ጎን፣ ዲክሰንስ ከቴሌቪዥኑ ጎን። ኦክስፎርድ ስትሪት ከወጣችሁ የሙዚቃ ሱቆቹ ኤች ኤም ቪ እና ቨርጂን ሜጋስቶር አሉ። ከጌም ሌላ ምንም የማይሸጡት ደግሞ ስሙም ጌም የሚባለው ሱቅ እና ኤሌክትሮኒክስ ቡቲክ ነበሩ። እናቴ ገበያዋን እስክትጨርስ እኔን እዚያ ትተወኛለች፤ ሻጮቹም አያባርሩም። ለማሳያ የተተከለ ማሽን አለ፣ ልጆች ከኋላው ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ሲሞት ለቀጣዩ ይለቃል። ከየት መጣህ፣ መቼ መጣህ፣ እንግሊዝኛ ትችላለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ተራህ ከደረሰ ተራህ ነው። በትምህርት ቤት አፌን ሳልከፍት በምውልበት ዓመት በዚያ ሰልፍ ውስጥ እንደማንም ልጅ እቆም ነበር።

ፕሌይስቴሽን ሴፕቴምበር 1995 ሲወጣ 299 ፓውንድ ነበር። እናቴ ሌሊት ቢሮ ታጸዳ ስለነበር 299 ፓውንድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ይገባኛል። ነገር ግን ያለው ሁሉ ወደ ፕሌይስቴሽን ሲሮጥ የቀድሞውን የሴጋ ማሽን፣ ሜጋ ድራይቩን፣ ለሱቅ መልሶ መሸጥ ጀመረ። ያገለገሉ ጌሞች መደርደሪያው ሞላ። እኛ የገባነው ያኔ ነው። ሌላው የጠገበውን ካሴት (ጌሙ ያለበትን፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካውን ፕላስቲክ) እንገዛለን፣ ስንጨርስ እንመልሳለን፣ ትንሽ ጨምረን ሌላ ይዘን እንወጣለን። ዛሬ በየከተማው የምታዩት ሲ ኢ ኤክስ የሚባለው ሱቅ በ1992 ቶተንሃም ኮርት ሮድ አካባቢ የጀመረው በዚሁ ሥራ ነው። ሙሉ ስሙ ኮምፒውተር ኤክስቼንጅ ነበር።

የሚናፍቀኝ ሌላው ነገር ምርጫው ነው። ለብዙ ወር የምትጫወተው አንድ ጌም ስለሆነ እንደ ዋዛ አይመረጥም። ስሚዝ ገብቼ የጌም መጽሔቶቹን፣ ሚን ማሽንስን እና ሲ ኤንድ ቪ ጂን፣ እንደቆምኩ አነባለሁ፤ ስንት ነጥብ እንደተሰጠው አጠናለሁ። ከዚያ ሱቅ ሄጄ ሳጥኑን አገላብጣለሁ። ከጀርባው ያሉትን ፎቶዎች በቃሌ ነበር የማውቃቸው። ከገዛሁ በኋላ ደግሞ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ወጥቼ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳጥኑን እከፍታለሁ። የሜጋ ድራይቭ ሳጥን ፕላስቲክ ነው፣ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል፣ ውስጡ ቡክሌት አለ። ቤት ስደርስ ጌሙን ገና ሳልነካው ታሪኩን ጨርሼዋለሁ።

የእናንተስ ሱቅ የቱ ነበር? ምን ገዛችሁ? በምን ገንዘብ?

ሰላም ከስቶክዌል

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ይሄን ክር ሳነብ ሻይዬ ቀዘቀዘ።

የረሳኸውን እኔ ልጨምር፤ የገናን ነገር። የፈረንጅ ገና ዲሴምበር 25 ያልፋል፣ በማግስቱ ሱቁ ሁሉ ሴል (ቅናሽ) ብሎ ይለጥፋል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። የክፍል ጓደኞቼ ስጦታቸውን ከፍተው፣ ተጫውተው፣ ተጣልተው ሲጨርሱ እኔና ወንድሜ ገና እንጠብቃለን። ስናለቅስ አባዬ «የእኛ ገና ገና ነው» ይለናል። ታዲያ በዚያ ሳምንት ያው ጌም ዋጋው ወርዶ ይጠብቀናል። አባዬ ይህን አስቦበት ነበር። ዲሴምበር ላይ ከእኛ ጋር ዞሮ ዋጋውን በትንሽ ደብተር ይጽፋል፣ ጃንዋሪ ላይ ተመልሶ ያስተያያል። ከፈረንጅ ልጆች ያነሰ ገንዘብ ይዘን የሚበልጥ ነገር የምናገኝበት ብቸኛው ሳምንት እሱ ነበር።

የእኛ ሱቅ ዉልዎርዝስ ነው። የወደቀበት ዓመት ትዝ ይላችኋል? ኖቬምበር 2008 ከሰረ ተባለ፣ 807 ሱቆቹ በየተራ ተዘጉ፣ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት ጃንዋሪ 6 ቀን 2009 ነው። የገናችን ዋዜማ! ከወንድሜ ጋር ሄደን ነበር። ጌም የሚባል አልቋል። መደርደሪያው፣ ቅርጫቱ፣ የዋጋ ሰሌዳው ሳይቀር ዋጋ ተለጥፎበት እየተሸጠ ነበር። እዚያ ለሃያ ዓመት የሠራች የሰፈራችን ሴትዮ ባንኮኒው ላይ ቆማ ሰው ሁሉ እያቀፋት ነበር።

አንድ ነገር ግን አልወድም ነበር። ሴት ልጅ ጌም ሱቅ ስትገባ ሻጩ «ለወንድምሽ ነው?» ይላል። ሁልጊዜ። ለራሴ ነው እያልኩ ነው ያደግሁት።

የ75ቱ ስደተኛ

ልጆቼ፣ እናንተ ከ90ዎቹ ጀመራችሁ። ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

እኔ በሱዳን በኩል ለንደን የገባሁት በ1983 ነው። ቀን ምግብ ቤት እሠራለሁ፣ ማታ ኤሌክትሮኒክስ እማራለሁ። አንድ ቀን ለራስ ምታት ክኒን ልገዛ ቡትስ ገባሁ። ቡትስ መድኃኒት ቤት ነው፤ ከሳሙናና ከሽቶው አለፍ ሲል ኮምፒውተር ተደርድሯል! አላመንኩም። አገር ቤት ኮምፒውተር ማለት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለብቻው ክፍል የሚሰጠው ዕቃ ነበር።

ማሽኑ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ነው፣ የክላይቭ ሲንክሌር ሥራ። በ1982 ሲወጣ ባለ 16 ኪሎባይቱ 125፣ ባለ 48ቱ 175 ፓውንድ ነበር። በዓመቱ ወደ 99 ፓውንድ ከ95 ፔንስ እና ወደ 129 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ወረደ። የሚገጣጠመው ስኮትላንድ፣ ደንዲ ከተማ፣ በታይሜክስ የሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፣ ጌሙ ደግሞ ሙዚቃ በምንሰማበት ተራ ካሴት ነው የሚመጣው። ቴፑን ከፍተህ ትጠብቃለህ፤ ድምፁ ጆሮ ይበሳል፣ የስክሪኑ ዳር በቀለም መስመሮች ይጨፍራል። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀህ መጨረሻው ላይ አልተነበበም ካለህ አጠንጥነህ እንደገና ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ከቡትስና ከስሚዝ አይወጡም። ለማሳያ የቆመው ኮምፒውተር ላይ ሁለት መስመር ፕሮግራም ይጽፉና ስማቸው ስክሪኑን ሞልቶ ያለ ማቋረጥ እንዲወርድ ያደርጋሉ። ሻጩ እስኪያጠፋው ድረስ ሌላው ጋ ሄደው ደግመውታል። እኔም አንድ ቀን ሱቁ ጭር ሲል ጠጋ ብዬ የእናቴን ስም ጻፍኩ። በላቲን ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ያኔ በዚያ ማሽን ላይ የለም። ቢሆንም ስሟ ከላይ እስከ ታች ሞላው። ደብዳቤ ከላኩላት ወራት አልፈው ነበር።

ከ1984 ጀምሮ ደግሞ ማስተርትሮኒክ የሚባል ድርጅት ጌሙን በ1 ፓውንድ ከ99 ፔንስ መሸጥ ጀመረ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስከፍሉ ነበር። የማስተርትሮኒክን ጌም ጋዜጣ መሸጫ ታገኘዋለህ፣ ነዳጅ ማደያ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የካሌዶኒያን ልጅ ያልከው ትክክል ነው። ለድሃ ልጅ በር የተከፈተው በርካሹ መደርደሪያ በኩል ነው፤ በእኛም ጊዜ እንደዚያው ነበር።

የካሌዶኒያን ልጅ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን በጣም አመሰግናለሁ። የእናትዎን ስም የጻፉበትን ቦታ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ቆየሁ። ካሴቶቹን ዛሬም አስቀምጠዋቸዋል?

የ75ቱ ስደተኛ

አንድ ካርቶን ሙሉ አለኝ። ማሽኑም ይሠራል።

ከባንኮኒው ጀርባ

እኔ በ2000ዎቹ ሰሜን ለንደን ውስጥ ጌም ሱቅ ሠርቻለሁ፤ የድርጅቱን ስም ልተወው። ከባንኮኒው በዚያኛው በኩል ምን እንደነበር ልንገራችሁ።

መደርደሪያው ላይ የምታዩት ሳጥን ሁሉ ባዶ ነበር። ዲስኩ እኛ ጋ በመሳቢያ ውስጥ፣ በወረቀት ከረጢት፣ በፊደል ተራ ተቀምጦ ነው የሚቆየው። ደንበኛው ባዶውን ሳጥን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ዲስኩን ፈልጌ እከታለሁ። ገና ስንቀጠር የሚያስተምሩን ይህን ነው፤ ዲስክ ሳይከቱ ሳጥን መሸጥ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ልጁ ቤቱ ደርሶ ሲከፍተው አስቡት።

አሁን ገንዘቡን እንይ። አዲስ ማሽን ሲሸጥ ለሱቁ የሚተርፈው ነገር የለም ማለት ይቻላል። አዲስ ጌም ትንሽ ያተርፋል። ሱቁን የሚያኖረው ያገለገለው ነው። ለምሳሌ ከአንዱ ልጅ በ10 ፓውንድ ወስደህ ለሌላው በ20 ስትሸጥ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ የሱቁ ነው፣ ለአሳታሚው የሚከፈል ሣንቲም የለም። አሳታሚዎቹ ይህን ሲያዩ ዝም አላሉም። ከእነሱ አንዱ፣ ኢ ኤ፣ በ2010 ኦንላይን ፓስ የሚባል ኮድ ሳጥን ውስጥ መክተት ጀመረ፤ ኮዱ አንዴ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ያገለገለውን የገዛ ሰው በኢንተርኔት ለመጫወት እንደገና ይከፍላል። ሰው በጣም ስለተቃወመ በ2013 ተዉት። እኔ ግን ያገለገለው መደርደሪያ መሞት የጀመረው ያኔ ነው እላለሁ።

ስለ ዉልዎርዝስ እህታችን ያነሳችው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አለ። ዉልዎርዝስ ኢንተርቴይንመንት ዩኬ የሚባል የጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ነበረው፤ ሲዲውን፣ ፊልሙን፣ ጌሙን ለሌሎች ሱቆችም የሚያከፋፍለው እሱ ነበር። ዉልዎርዝስ ሲወድቅ አከፋፋዩም አብሮ ወደቀ። ቨርጂን ሜጋስቶር በዚያ ጊዜ ዛቪ ተብሎ ነበር፤ ዕቃ የሚያገኘው ከዚያው ስለነበር ለገና ገበያ መደርደሪያው ሳሳ፣ በዲሴምበር 24 ቀን 2008 ራሱ ከሰረ። አንዱ ግድግዳ ሲፈርስ የጎረቤቱ ጣሪያ እንደሚወርደው ነው የሆነው።

ጌም የሚባለው ሱቅ ታሪኩ ይለያል። ኤሌክትሮኒክስ ቡቲክ በ1999 ገዛው፣ ቆይቶ ሁሉም ሱቅ በጌም ስም ሆነ። በ2007 ተፎካካሪውን ጌምስቴሽንን ከብሎክባስተር በ74 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። በአንድ ጎዳና ላይ የአንድ ባለቤት ሁለት ሦስት ሱቅ ሆነ፣ ለሁሉም ኪራይ ይከፈላል። ሱፐርማርኬቱ ደግሞ አዲሱን ጌም ደንበኛ ለመሳብ ብሎ በርካሽ ይሸጣል። በማርች 2012 ኢ ኤ ዕቃ አልሰጥም አለ፣ በጉጉት የሚጠበቀው ማስ ኢፌክት 3 የሚባል ጨዋታ ወደ ሱቁ ሳይገባ ቀረ። በዚያው ወር 26ኛው ቀን ድርጅቱ ከስሮ በአስተዳዳሪ እጅ ወደቀ፣ 277 ሱቅ በአንድ ቀን ተዘጋ፣ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ተበተነ። ከእነዚያ ውስጥ አብረውኝ የሠሩ ልጆች ነበሩ።

ከሁሉ የማልረሳው የሐበሻ እናቶችን ነው። ልጁ ጂ ቲ ኤ የሚባለውን ጌም አንስቶ እናቱን ባንኮኒው ድረስ ይዟት ይመጣል። ሳጥኑ ላይ 18 የሚል ቀይ ክብ አለ። እሷ ዕድሜ መሆኑን አታውቅም። እኔ በአማርኛ «እማማ፣ ይሄ ለትልቅ ሰው ነው፤ ግድያ አለበት፣ ሌላም ነገር አለበት» ስላቸው ፊታቸው ይበራል። ጌሙን ሳይሆን ቋንቋውን ሰምተው ነው። ልጁ ያለቅሳል፤ ኳስ ወይም የመኪና ውድድር እሰጠዋለሁ፣ ታርቀን እንለያያለን። አንዷ እናት በሳምንቱ ድፎ ዳቦ አምጥታልኝ ሱቁ በሙሉ በላ።

ቁጥር ቆጣሪ

ሁላችሁም ከልባችሁ ስለጻፋችሁ አከብራለሁ፤ ግን ዋጋውን እናስታውስ። ኔንቲንዶ 64 በማርች 1997 ሲመጣ ማሽኑ 249 ፓውንድ ከ99፣ አንዳንዱ ጌሙ 59 ፓውንድ ከ99 ነበር። ያ በዛሬ ገንዘብ ከ100 ፓውንድ በላይ ነው። ለአንድ ካሴት! ዛሬ የእህቴ ልጅ ፎርትናይትን በነጻ ነው የሚጫወተው። የሌሎቹንም ጌሞች ቅናሽ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ለአውቶቡስ አይከፍልም፣ «ለወንድምሽ ነው?» የሚል ሻጭም አይገጥመውም። የሱቁ ዘመን ለብዙ ልጆች በመስታወት ውስጥ እያዩ የመመለስ ዘመን ነበር። እኔ ከእነሱ አንዱ ነበርኩ፤ ስለዚህ እንደ እናንተ ልናፍቀው አልቻልኩም።

ሰላም ከስቶክዌል

ቁጥር ቆጣሪ፣ ዋጋው ላይ ልክ ነህ፤ በመስታወት ማየቱንም አውቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ጨምረህ ቁጠር። ጎልደንአይ የሚባለው ጌም ሲወጣ በእኛ ሕንፃ ውስጥ ኔንቲንዶ 64 የነበረው አንድ የኤርትራ ቤተሰብ ብቻ ነው። ማሽኑ ለአራት ጆይስቲክ ቦታ አለው፣ ቴሌቪዥኑ ለአራት ይከፈላል። ቅዳሜ የሕንፃው ልጅ ሁሉ እነሱ ቤት ነው። ካሴቱን ደግሞ ማንኛችንም ብንገዛው በየቤቱ ይዞራል፣ ሲዞር ከርሞ ይሸጣል፣ በገንዘቡ ሌላ ይገዛል። ስለዚህ 59 ፓውንዱ የአንድ ልጅ ወጪ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ልጄ በስሙ ያወረደውን ጌም ለአክስቱ ልጅ ላውስ ቢል አይችልም። ልሽጠው ቢልም አይችልም።

ነጻ የተባለውም ነጻ አይደለም እህ። በጌሙ ውስጥ ያለውን ልብሱን፣ ጭፈራውን፣ ሁሉን በካርድ ነው የሚሸጡላቸው። የባንክ መልእክቴን አይቼ ነው የምናገረው።

የአራት ኪሎ ልጅ

ከአዲስ አበባ ሰላም ብያለሁ። እናንተ ሱቅ ውስጥ ያገላበጣችሁት ዕቃ እኛ ጋ የሚደርሰው በሻንጣ ነበር።

እኛ ያደግነው ጌም ቤት ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጨዋታ ይከፈላል። ፊፋ ወይም ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለው የኳስ ጌም ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። ዲስኩ ሁሉ ኮፒ ነው፣ ስሙ በእስክሪብቶ ተጽፎበት። አጎቴ ከለንደን በመጣ ጊዜ ኦሪጅናል የፕሌይስቴሽን ዲስክ ይዞልኝ መጣ፤ ሳጥኑ ሳይቀር፣ ቡክሌቱ ሳይቀር። የዲስኩ ጀርባ ጥቁር ነው። የሰፈር ልጅ ሁሉ ሊያየው መጣ። ሳጥኑ ላይ የሱቁ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎ ነበር፤ በፓውንድ የተጻፈ ዋጋ ስናይ የመጀመሪያችን ነው፣ በብር እያባዛን ተከራከርን።

ነገር ግን አልሠራም። ማሽኔ አክስቴ ከዋሽንግተን የላከችው ነበር። ያኔ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ዛሬ እዚህ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከባንኮኒው ጀርባ

ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ነው የሆነው።

አንደኛ፣ ኦሪጅናል የፕሌይስቴሽን ዲስክ መጀመሪያው ላይ ኮፒ ማድረጊያ ማሽን ሊገለብጠው የማይችል ምልክት አለ። ምልክቱ ዲስኩ የየት አገር ገበያ እንደሆነ ይናገራል። የአሜሪካ ማሽን የአሜሪካን ምልክት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የአጎትህ ዲስክ የአውሮፓን ነበር የያዘው። በየጌም ቤቱ ያሉት ማሽኖች ቺፕ ስለሚገጠምላቸው ምልክቱን ቺፑ ራሱ ይሰጣል። ለዚህ ነው ኮፒውም የሌላ አገሩም እነሱ ጋ የሚሠራው። ያን ዲስክ ጌም ቤት ወስደኸው ቢሆን ኖሮ ሳይሠራ አይቀርም ነበር።

ሁለተኛ፣ የቴሌቪዥኑ ሥርዓት ይለያይ ነበር። እንግሊዝም ኢትዮጵያም ፓል የሚባለውን ሥርዓት ይጠቀሙ ነበር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ነበር ስክሪኑ የሚታደሰው፤ አሜሪካ 60 ነበር። ብዙ አሳታሚዎች ለአውሮፓ ሲያወጡ ጌሙን በደንብ ስለማያስተካክሉት እኛ ለንደን የተጫወትነው ከአሜሪካኑ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይዘገይ ነበር፣ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይዞ። ሶኒክ የሚባለውን የሜጋ ድራይቭ ጌም በልጅነታችን በሙሉ ፍጥነቱ አላየነውም።

የአራት ኪሎ ልጅ

እግዜር ይስጥልኝ! ዲስኩ ዛሬም አለኝ። የቺፕ ማሽን ፈልጌ እሞክረዋለሁ።

ሊድስ ነዋሪ

ለንደን ብቻ አይደለም ወገኖች። ወደ ሰሜን የተላክን ስደተኞችም አለን። ጌምስቴሽን የተመሠረተው በ1993 ዮርክ ነው፣ የሰሜን ልጅ ነው። አሮጌ ማሽን የሚያከብር ሱቅ ነበር። አዲሱ ኤክስቦክስ ፊት ለፊት ቢኖርም ከኋላ ሱፐር ኔንቲንዶውን፣ ማስተር ሲስተሙን፣ ድሪምካስቱን ታገኘዋለህ። ሻጮቹ ረጅም ጸጉር፣ ጥቁር ቲሸርት፤ ስለ ጌም ከጠየቅሃቸው ሰልፉ ቢረዝምም አስረድተው ነው የሚለቁህ። ስሙ በ2012 ጠፋ። የጥገኝነት ኬዝ ውሳኔዬን እየጠበቅሁ ሥራ መሥራት በማይፈቀድልኝ ጊዜ ቀኑን የማሳልፈው እዚያ ነበር፤ እንደማልገዛ እያወቁ አንድም ቀን ፊት አልነሱኝም።

ቁጥር ቆጣሪ

ሰላም የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ አሰብኩበት። ስለ ዋጋው ያልኩት እንዳለ ነው። የማዋስና የመሸጥ መብቱ ላይ ግን እስማማለሁ፤ ቁጥሩም ከእናንተ ጋር ነው። ኔንቲንዶ የ3ዲኤስ እና የዊ ዩ ማሽኖቹን የኢንተርኔት ሱቅ በማርች 2023 ዘጋው፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ አዲስ መግዛት አይቻልም። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የሚባለውን የመኪና ጌም ሰርቨር (ጌሙ በኢንተርኔት የሚያያዝበትን ኮምፒውተር) በማርች 2024 መጨረሻ ሲያጠፋ ዲስኩን በገንዘቡ የገዛ ሰው እንኳ መጫወት አቃተው። በ2025 የመጣው የኔንቲንዶ ማሽን፣ ስዊች 2፣ ደግሞ አንዳንዱ ካሴቱ ውስጥ ጌሙ የለም፤ ማውረጃ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱ ቢያንስ ይሸጣል፣ ይዋሳል። ሰርቨሩ የጠፋ ቀን ግን ሳጥኑ «ከባንኮኒው ጀርባ» እንዳወራልን የመደርደሪያ ሳጥን ባዶ ነው የሚሆነው።

ጋሼ በ1983 የገዙት ካሴት ዛሬም መሥራቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ብሩክታዊት 05

ሰላም፣ እኔ እዚህ ካላችሁት ታናሽ ሳልሆን አልቀርም፣ በ2005 ነው የተወለድኩት። እኔ የማውቀው ጌም ሱቅ ስፖርትስ ዳይሬክት የሚባለው የስፖርት ዕቃ መደብር ውስጥ ከጫማው በስተጀርባ ያለውን ጥግ ነው። የስፖርትስ ዳይሬክት ባለቤት ፍሬዘርስ ጌምን በ2019 ከገዛው በኋላ ብዙው እንደዚያ ሆኗል። ያገለገለ መቀበሉንም በ2024 መጀመሪያ አቆሙ። ስለዚህ እናንተ የምታወሩትን አላየሁትም፤ ሳነብ ግን ቀናሁ።

ጥያቄ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ በ1999 የተገዛለትን ፖኬሞን ሬድ ሰጠኝ። ጌም ቦዩ (በእጅ የሚያዘው ማሽን) ይሠራል፣ ጌሙም ይከፈታል። እሱ በልጅነቱ የደረሰበት ቦታም አሁንም አለ፣ ለእያንዳንዱ ፖኬሞን የሰፈራችንን ሰዎች ስም ሰጥቷቸዋል፣ አያታችንም አሉበት። ግን አንዳንዴ ስከፍተው የተቀመጠው አይታይም፣ አጥፍቼ ሳበራው ይመለሳል። ምን ላድርግ?

ከባንኮኒው ጀርባ

ብሩክታዊት፣ መጀመሪያ ደጋግመሽ መክፈቱን አቁሚ!

ካሴቱ ውስጥ ክብ ትንሽ ባትሪ አለች። የተቀመጠውን የምታቆየው እሷ ናት፣ ዕድሜዋ ደግሞ ደርሷል። ባትሪዋን ዝም ብለሽ ብትነቅዪ የወንድምሽ ጨዋታ በሙሉ ይጠፋል፣ አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ የካሴቱን እግር (ማሽኑ ውስጥ የሚገባውን የብረት ጫፍ) በአልኮልና በጥጥ ቀስ ብለሽ ጥረጊ፣ ከዚያ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ የካሴት ማንበቢያ አለ፣ በእሱ የተቀመጠውን ፋይል ወደ ኮምፒውተር ቅጂ። ፋይሉ መኖሩን ካረጋገጥሽ በኋላ ነው ባትሪው የሚቀየረው፤ ሲያልቅ ፋይሉን ወደ ካሴቱ ትመልሺዋለሽ።

የሚከፈተው በተራ ካቻቢቴ አይደለም፣ 3.8 ሚሊሜትር ጌም ቢት የሚባል መፍቻ ይፈልጋል። አዲሷን ባትሪ ስትገዢ እግር የተበየደላትን ግዢ። ተራዋን ገዝተሽ ባትሪዋ ላይ በቀጥታ መበየድ አደጋ አለው፣ ልትፈነዳ ትችላለች።

የ75ቱ ስደተኛ

ልጄ፣ የካሴት ማንበቢያውም የብየዳ ብረቱም እኔ ጋ አለ። ይህን ሥራ ለልጅ ልጆቼ ሠርቻለሁ። በግል መልእክት ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ከወንድምሽ ጋር ይዛችሁት ኑ።

ብሩክታዊት 05

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ! አሁኑኑ እጽፍልዎታለሁ። ወንድሜ ደግሞ ስፔክትረሙን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሏል።

የ75ቱ ስደተኛ

ይቻላል። ቴፑ እስኪጫን አምስት ደቂቃ መታገስ ነው።